መንገድ ላይ ጎማ ሲተነፍስባችሁ ከሀ እስከ ፐ

ጎማ መቀየር ራሱ ቀላል ነገር ነው፣ ፈትተህ ታወጣለህ ሌላውን ትገጥማለህ አለቀ፣ እጁ የለመደ ሰው በ15 ደቂቃ ይጨርሳል ያልለመደ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ወይ ከዛ ትንሽ በለጥ ቢል ነው። ሰው የሚጎዳው ግን ብሎን ሲፈታ አይደለም፣ ወይ ከኋላ በሚመጣ መኪና ነው ወይ ክሪኩ ተንሸራቶ መኪናዋ ስትወድቅ ነው። ስለዚህ ስለ ብሎን ከማወራው በላይ ስለ ቦታና ስለ ክሪክ ባወራ አትታዘቡኝ።

እንግዲህ እየነዳችሁ ነው። የፊት ጎማ ከተነፈሰ መሪው ወደ አንድ ጎን ይጎትታችኋል፣ የኋላ ከሆነ ደግሞ መኪናዋ ኋላዋን እያወዛወዘች ትሄዳለች፣ ቀስ እያለ የተነፈሰ ከሆነ ላስቲኩ አስፋልቱን በጥፊ እንደሚመታ ነገር ጧ ጧ ጧ ሲል ትሰማላችሁ። ፈንድቶ ከሆነማ ማንም ሳይነግራችሁ ታውቁታላችሁ። እዚህ ጋ ሁሉም ሰው የሚሠራት ስህተት ደንግጦ ፍሬን መርገጥ ነው፣ አትርገጡ! መሪውን በሁለት እጅ ጠበቅ አርጋችሁ ያዙ፣ እግራችሁን ከነዳጁ ላይ ቀስ ብላችሁ አንሱ፣ መኪናዋ በራሷ ጊዜ ፍጥነት ትቀንስ፣ ቀጥ ብላ እየሄደች መሆኑን ስታዩ ያኔ ነው ፍሬኑን በስሱ የምትነኩት። ድንገት አጥብቃችሁ ከያዛችሁት ግን ጎማው የተነፈሰበት ጎን ይጎትታትና መቆጣጠር ያቅታል።

የት ትቆማላችሁ

ይሄ ዋናው ነው። ብዙ ሰው «ቸርኬዬ ይበላሽብኛል» ብሎ እዛው የተነፈሰበት ቦታ ላይ ቀጥ ይላል፣ ኩርባ ይሁን ድልድይ ይሁን የዳገት አናት ይሁን አያይም። እውነት ነው በተነፈሰ ጎማ ትንሽ ርቀት እንኳን ስትሄዱ ጎማው ከውስጥ ይፈጫል፣ ቸርኬውም ሊጎዳ ይችላል፣ ግን ሁለቱም ይገዛሉ። በእግር መንገድ ፍጥነት እያላችሁ ሃዛርድ አብርታችሁ ደህና ቦታ እስክታገኙ ሂዱ። ደህና ቦታ ማለት መሬቱ ደልደል ያለና ጠጠር ያለ፣ ከሩቅ የምትታዩበት ቀጥ ያለ መንገድ፣ ከመኪና መተላለፊያው ወጣ ያለ። ቁልቁለት ላይ ክሪክ አይሠራም፣ በቃ፣ ጭቃና አሸዋ ላይም እንደዛው።

አንዳንዴ ደግሞ ቦታ የለም። ፈጣን መንገድ ነው፣ ዳር የሚባል ነገር የለውም፣ የተነፈሰው ጎማ ደግሞ መኪኖቹ በሚያልፉበት በኩል ነው። እንደዛ ከሆነ አትቀይሩ። ከመንገዱ በተቃራኒ ባለው በር ውረዱ፣ ከብረት አጥሩ ጀርባ ወይ ከመንገዱ ራቅ ብላችሁ ቁሙና ጎታች መኪና ወይ ፖሊስ ጥሩ። ጀርባችሁን ለሚበር መኪና ሰጥታችሁ ቁጢጥ ብላችሁ ብሎን ለመፍታት መሞከር ጀግንነት አይደለም።

ቆማችኋል እንበል። ሃዛርዱ ይብራ፣ የእጅ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ሳቡ፣ ማንዋል ከሆነች አንደኛ ማርሽ ወይ የኋላ ማርሽ አስገቡ፣ አውቶማቲክ ከሆነች ፓርክ ላይ አድርጉ፣ ሞተር አጥፉና ቁልፉን ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱ። የተሳፈረ ሰው ሁሉ ይውረድ፣ የተኛ ልጅም ቢሆን ቀስቅሱት፣ ክሪክ ላይ ባለች መኪና ውስጥ ሰው አይቀመጥም። ሲወርዱ በዳር በኩል ነው፣ ከዛም መኪናዋ ፊትም ኋላም እንዳይቆሙ፣ አንዱ ከኋላ ቢገጫት የምትገፋው ወደነሱ ነው። ጎን ላይ፣ ከአስፋልቱ ራቅ ብለው ይቁሙ።

ትራያንግሉ

ሰው ትራያንግል ሲያስቀምጥ አይቼ እስቃለሁ፣ መኪናዋ ኋላ ላይ ተደግፎ የሚቆም ነው የሚመስለው። እስቲ እናስላው። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የሚመጣ መኪና በ1 ሰከንድ ውስጥ 25 ሜትር ይሄዳል። ትራያንግሉን 10 ሜትር ላይ ካስቀመጣችሁት ሹፌሩ ትራያንግሉ ጋ ደርሶ መኪናችሁን እስኪመታ ግማሽ ሰከንድ እንኳን አይሞላም፣ እግሩ ፍሬኑ ጋ አልደረሰም ማለት ነው። ስለዚህ ቢያንስ 30 ሜትር፣ ፈጣን መንገድ ከሆነ ወደ 100 ሜትር። ሜትር ይዞ የሚዞር የለም፣ በእርምጃ ቁጠሩ፣ 40 እርምጃ ወደ 30 ሜትር ይሆናል፣ 130 እርምጃ ወደ 100 ሜትር። ኩርባ ወይ የዳገት አናት ካለ ቁጥሩን ተዉትና ከኩርባው በፊት አስቀምጡት፣ ኩርባውን ታጥፎ ከመጣ በኋላ የሚያየው ምልክት ለማንም አይጠቅምም። ሄዳችሁ ስታስቀምጡም ስትመለሱም በአስፋልቱ ላይ ሳይሆን በዳር በዳር፣ ትራያንግሉን ወደ ፊት ዘርግታችሁ ይዛችሁት፣ ዓይናችሁ የሚመጣው መኪና ላይ ሆኖ። ትራያንግል የለኝም ብላችሁ ድንጋይ ከደረደራችሁ ደግሞ ስትሄዱ አንሱት በናታችሁ፣ ማታ ላይ ያንን ድንጋይ የሚያገኘው ሌላ ሰው ነው።

ዕቃውን አውጡ፣ ትርፍ ጎማውን አንጥሩት

ክሪክ፣ የጎማ መፍቻ፣ ትርፍ ጎማ፣ እነዚህ ሦስቱ ሳይወጡ ምንም አይነካም። በኔ የደረሰ ልንገራችሁ፣ አንድ ቀን ሊመሽ ሲል የኋላ ጎማ ተነፈሰብኝ፣ ጎበዝ ነኝ ብዬ ቶሎ ቶሎ ክሪክ ሰቀልኩ፣ ፈታሁ፣ አወጣሁ፣ ከዛ ትርፉን ከኋላ ዕቃ መጫኛው ስጎትት ለጭ ብሎ ወጣ፣ ከፈታሁት የባሰ ባዶ ነው። ሦስት ጎማና አንድ ክሪክ ላይ የቆመች መኪና ይዤ እዛው መሸብኝ። ከዛ ወዲህ መጀመሪያ የማረገው ትርፉን አውጥቼ ከጉልበቴ ከፍታ መሬት ላይ መልቀቅ ነው፣ ንፋስ ካለው ድም ብሎ ይነጥራል፣ ከሌለው ለጭ ብሎ እዛው ይቀራል። በአውራ ጣት መጫን ምንም አይነግራችሁም።

ፒክአፕና ትልልቅ መኪኖች ላይ ትርፉ ከስር ነው የተሰቀለው፣ ከኋላ መከላከያው አካባቢ ቀዳዳ አለ፣ በሱ ረጅሙን ዘንግ አስገብታችሁ ስታዞሩ ጎማው በሰንሰለት ወይ በሽቦ ገመድ እየወረደ ይመጣል። ለዓመታት ካልተነካ ዝጎ እምቢ ይላል፣ እሱን ደግሞ መንገድ ላይ ማወቅ አትፈልጉም። የሚቆለፍ ብሎን ያለው መኪና ከሆነ ደግሞ የሱን መፍቻ ጫፍ ፈልጉ፣ ትንሽ ብረት ናት፣ ብዙ ጊዜ የዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ወይ ከክሪኩ ጋር ትቀመጣለች፣ እሷ ከሌለች ያ ብሎን አይፈታም።

ቀጥሎ ታኮ። የእጅ ፍሬን አብዛኛው መኪና ላይ የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው፣ ስለዚህ የኋላ ጎማ አንስታችሁ ከሆነ መኪናዋን የያዛት አንድ ጎማ ብቻ ነው ማለት ነው፣ ማርሽ ቢረዳም በሱ ብቻ አትመኑ። በሰያፍ ትይዩ ያለውን ጎማ ከፊትም ከኋላም በድንጋይ ወይ በእንጨት ታኮ አድርጉለት፣ ማለትም የተነፈሰው የቀኝ ኋላ ከሆነ የግራ ፊቱን። ጠጠር ሳይሆን ደህና ጡብ የሚያክል ድንጋይ፣ ጎማው ሊወጣበት የማይችል።

መጀመሪያ ላላ፣ ከዛ ስቀል

ብሎኑን ፈታ የምታደርጉት ጎማው ገና መሬት ላይ እያለ ነው። (ብሎን እያልኩ የማወራው ዳዶውንም ጨምሬ ነው፣ ያው ሁላችንም እንደዛ ነው የምንለው።) ምክንያቱ ሁለት ነው፣ አንደኛ ጎማው ከተነሳ በኋላ ስትፈቱት አብሯችሁ ይዞራል፣ ሁለተኛ በኃይል ስትገፉ መኪናዋን ከክሪኩ ላይ ልታወርዷት ትችላላችሁ። የቸርኬው ሽፋን ካለ በካቻቢቴ ወይ በመፍቻው ጠፍጣፋ ጫፍ ነቅላችሁ አስቀምጡት፣ በኋላ ይጠቅማችኋል።

መፍቻውን ብሎኑ ላይ እስከ ጥጉ አስገቡት፣ ግማሹ ብቻ ከገባ የብሎኑን ጠርዝ ይልጠዋል ከዛ በኋላ ጉድ ነው። እጀታውን ወደ ግራ አግድም አርጋችሁ ወደ ታች መጫን ነው፣ ወደ ታች ስትጫኑ በሰዓት ተቃራኒ ይዞራል ማለት ነው ይፈታል ማለት ነው። በእጅ ካልሆነ በእግር፣ መኪናዋን ደገፍ ብላችሁ ክብደታችሁን ቀስ እያላችሁ ጫፉ ላይ ጣሉበት፣ ዘላችሁ አትውጡበት፣ መፍቻው ከወጣ እግራችሁን ነው የሚመታው። የዛገ ብሎን ሲላቀቅ ቋ ይላል፣ መጀመሪያ የሰማ ሰው ሰበርኩት ብሎ ይደነግጣል፣ አልሰበራችሁም ፈታችሁ ነው። ግማሽ ዙር ብቻ ላላ አድርጉ፣ ሁሉንም እንደዛ፣ አታውጡ።

አሁን ክሪክ። ክሪክ የትም አይገባም፣ የራሱ ቦታ አለው፣ አብዛኛዎቹ ትንንሽ መኪኖች ላይ በሩ ስር ባለው የብረት ጠርዝ ላይ ከፊት ጎማው ትንሽ ኋላ እና ከኋላ ጎማው ትንሽ ፊት ሁለት ሁለት ጎድጎድ ያሉ ምልክቶች አሉ፣ እዛ መሀል ነው። በጣታችሁ ብትዳስሱ ታገኙታላችሁ። ፕላስቲክ ላይ ከሰቀላችሁ ይሰበራል፣ የወለሉ ቆርቆሮ ላይ ከሰቀላችሁ ይሰረጉዳል፣ የሞተር ዘይት መያዣው ላይ የሰቀለም አይቻለሁ፣ እሱን ተዉት። ከክሪኩ ስር ወፍራም ጣውላ አንጥፉ፣ በተለይ መሬቱ ለስለስ ካለ፣ ካልሆነ መኪናዋ በመውጣት ፈንታ ክሪኩ ነው ወደ ታች የሚሄደው። ትንሽ አንሱና ቆም ብላችሁ ክሪኩን በጎን እዩት፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል ወይስ ዘንበል ብሏል? ዘንበል ካለ አውርዳችሁ እንደ አዲስ፣ «ይሄ ይበቃል» አይባልም።

ክሪኩ ሲይዝ ትርፍ ጎማውን አጋድማችሁ ከመኪናዋ ስር፣ ከክሪኩ አጠገብ ሸጉጡት። ክሪኩ ቢከዳ መኪናዋ የምታርፈው ጎማው ላይ ነው እንጂ መሬት ላይ ወይ ሰው ላይ አይደለም። ስትቀያይሩ ደግሞ የወለቀውን በሱ ቦታ ትሸጉጣላችሁ። ከዛ ውጪ እጅም እግርም ጭንቅላትም በምንም ምክንያት ከስር አይገባም፣ የወደቀ ብሎን ለማንሳትም ቢሆን፣ በመፍቻው ጎትታችሁ አውጡት።

ጎማው ከመሬት ለቆ ትንሽ ተጨማሪ ከፍ ይበል፣ ምክንያቱም የሚገባው ጎማ ንፋስ ስላለው ከተነፈሰው ይረዝማል፣ ልክ ለተነፈሰው በቃ ብላችሁ ካቆማችሁ ሲገጠም አይገባም። ብሎኖቹን አውጥታችሁ ቅድም ያስቀመጣችሁት ሽፋን ውስጥ ወይ ኮፍያ ውስጥ ጨምሩ። አንድ ጊዜ አስፋልቱ ላይ ደርድሬ በእግሬ መትቼ ሁለቱ ጉድጓድ ገብተው ቀርተዋል። ሁሉም ከጠፉ ደግሞ መላ አለ፣ ከሌሎቹ ሦስት ጎማዎች አንድ አንድ ብሎን ወስዳችሁ በሦስት ብሎን አስራችሁ ቀስ እያላችሁ እስከ ቅርብ ጎሚስታ መድረስ ትችላላችሁ።

ጎማው ብሎኑ ወጥቶም ካልለቀቀ ቸርኬው ከዝገት ጋር ተጣብቆ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ በርግጫ ይጀምራል፣ መኪናዋ ክሪክ ላይ ናት እኮ! ይልቅ ብሎኖቹን መልሳችሁ በጣት አስገቡና ሁለት ዙር ያህል ላላ ብለው ይቅሩ፣ ከስር የሸጎጣችሁትን ጎማ አውጡና ክሪኩን አውርዱ፣ ጎማው መሬት ሲነካ መኪናዋን በእጅ ገፋ ገፋ አድርጉ፣ ክብደቷ ራሱ ያላቅቀዋል። ከዛ መልሳችሁ ስቀሉ።

መግጠም

ትርፉ ከባድ ነው፣ በእጅ ብቻ ለማንሳት አትታገሉ። ጎማውን አቁማችሁ ጫማችሁን ከስሩ አስገቡና በእግራችሁ ጣት ከፍ እያረጋችሁ ቀዳዳዎቹን መኪናዋ ላይ ካሉት ብሎኖች ጋር ግጠሙ፣ ወይ የመፍቻውን እጀታ ከስር ከቶ እንደ ማንሻ መጠቀም ይቻላል። ከመግጠማችሁ በፊት ቸርኬው የሚያርፍበትን ፊት በጨርቅ ጠረግ አድርጉት፣ ትንሽ አሸዋ መሀል ከቀረ ጎማው አይቀመጥም በኋላ ይላላል። የዳዶው ሾጣጣ ጎን ወደ ቸርኬው ነው፣ ሾጣጣው ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ነው ጎማውን መሀል ላይ የሚያስቀምጠው። ግሪስም ዘይትም አትቀቡ፣ ከተቀባ ሳታውቁት ከልክ በላይ ታጠብቁትና ብሎኑን ትጎትቱታላችሁ።

መጀመሪያ ሁሉንም በጣት፣ ከዛ በመፍቻ ቀለል አርጋችሁ፣ ተራ በተራ ሳይሆን በኮከብ። አምስት ብሎን ካለው አንዱን እያለፋችሁ፣ አራት ከሆነ በመስቀል። ተራ በተራ ካጠበቃችሁ ቸርኬው በአንድ ጎን ይቀመጥና በሌላው ጎን ክፍተት ይቀራል፣ መጀመሪያ ጠበቀ የሚመስለው ብሎን በኋላ ላላ ይላል። አሁን ከስር የሸጎጣችሁትን ጎማ አውጡ፣ ክሪኩን አውርዳችሁ ጎማው መሬት እንደያዘ መጨረሻውን ማጥበቅ እንደገና በኮከብ።

ምን ያህል ይጥበቅ? የትንንሽ መኪኖች ልክ ባብዛኛው ከ80 እስከ 140 ኒውተን ሜትር ነው፣ ትክክለኛው የመኪናችሁ መመሪያ ላይ አለ። 100 ኒውተን ሜትር ማለት 40 ሳንቲ ሜትር እጀታ ባለው መፍቻ ጫፍ ላይ ወደ 25 ኪሎ መጫን ነው፣ ጎልማሳ ሰው በእጁ ክብደቱን ጣል አርጎ የሚጫነውን ያህል። እጀታው ላይ ቆሞ መዝለል ብሎን ይሰብራል፣ ባይሰብር እንኳን በሚቀጥለው ጊዜ መንገድ ላይ ማንም አይፈታውም።

ዕቃችሁን ሰብስቡ፣ ታኮውን አንሱ (ረስቶ ለመሄድ ሞክሮ ሞተሩ ቢታገልም ያልሄደለት ሰው አውቃለሁ፣ እኔ ነኝ)፣ ትራያንግሉን መጨረሻ ላይ፣ በቅድሙ ጥንቃቄ። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ በኋላ ቆም ብላችሁ ብሎኖቹን በመፍቻ ቼክ አድርጉ፣ ቸርኬው ሲቀመጥ ትንሽ ይላላሉ።

ትርፉ ቀጭን ከሆነ

ከሌሎቹ የቀጠነ ትርፍ ጎማ ከሆነ ጊዜያዊ ነው፣ ጎኑ ላይ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚል ተጽፎበታል፣ ከዛ በላይ አይነዳበትም፣ ንፋሱም ከሌላው ጎማ በጣም ይበልጣል፣ ባብዛኛው 60 ፒኤስአይ ነው፣ እንደ ሌላው 32 ሞልታችሁ አትሂዱ። መኪናዋ በፊት ጎማ የምትነዳ ሆና የተነፈሰው የፊት ከሆነ ጊዜ ካላችሁ ከኋላ አንድ ደህና ጎማ ወደ ፊት አምጡና ቀጭኑን ኋላ ግጠሙት፣ መሪና ጉልበቱ ያለው ፊት ስለሆነ።

ትርፍ ጎማ ጭራሽ የሌላቸው አዳዲስ መኪኖች ደግሞ ትንሽ ፖምፓና ማሸጊያ ፈሳሽ ነው የሚሰጧችሁ። እሱ የሚሠራው ምስማር መሬት የሚነካውን የጎማ ክፍል ሲወጋው ነው፣ ጎኑ ከተቀደደ ፈሳሹ አይረዳም። ምስማሩን ደግሞ አትንቀሉት፣ እሱ ነው ቀዳዳውን ይዞ ያለው። ቀስ እያለ የሚተነፍስ ከሆነ በፖምፓ ሞልታችሁ ጎሚስታ ጋ ብትደርሱ መቀየርም ላያስፈልግ ይችላል።

ጎሚስታ ጋ ስትደርሱ የተነፈሰው ጎማ ከቸርኬው ወልቆ ውስጡ ይታይ። የተፈጨ የላስቲክ ዱቄት ካለ ወይ ጎኑ ከተቆረጠ አይጠገንም፣ ይጣላል፣ «እንለጥፈው» ቢሏችሁ አትስሙ። ትርፉ ወደ ቦታው ሲመለስም ንፋስ ይሞላ፣ ከዛ በኋላ በወር አንዴ። ዕድሜውንም እግረ መንገዳችሁን እዩ፣ ጎኑ ላይ አራት ቁጥር አለ፣ 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው (በፈረንጅ አቆጣጠር)፣ 10 ዓመት ያለፈው ትርፍ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ላስቲኩ ደርቋል።

አንድ ቀን ደግሞ ቀን ላይ፣ ደልዳላ ቦታ ላይ፣ ምንም ሳይሆን አንዱን ጎማ ፈታችሁ ግጠሙ። ጎማ ቤቶች በማሽን ስለሚያጠብቁት ብዙ ጊዜ ከመኪናዋ ጋር የሚመጣው አጭር መፍቻ አይበቃውም፣ ካልበቃ ረዘም ያለ መፍቻ ገዝታችሁ ከክሪኩ ጋር አስቀምጡ፣ እዛው አንድ ጣውላ፣ ጓንት፣ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪና የሚያንጸባርቅ ጃኬት ጨምሩበት፣ ጃኬቷን ግን ከወንበሩ ስር፣ ከመውረዳችሁ በፊት የምትለበስ ስለሆነች።